ይጨርስ!

የባቻችን ዐሥረኛ ዓመት የተከበረ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሁላችንም የተመረቅንበት ዓመት የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሰናል። ከመድረኩ ሥር ድፎ ዳቦው፣ ኬኩና ፈንዲሻው ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ ቡና ይቆላል። ከምሳ በፊት በሞት የተለዩንን እናስብ ተባለና የአራት ልጆች ፎቶ በየተራ ግድግዳው ላይ በራ። የአንደኛው እናት ተጋብዘው መጥተው ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መድረክ መሪው «ስለ ጓደኞቻችን የምትሉት ካለ» ብሎ ማይኩን ወደ አዳራሹ ሰደደው።

ከኋላ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ተነሣ። የጋምቤላ ልጅ ነው፣ ኑዌር። አራት ዓመት አንድ ክፍል ስንማር እጁን አውጥቶ ሲናገር ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ማይኩን በሁለት እጁ ጨብጦ የዶርም ጓደኛውን፣ የእኚያን እናት ልጅ፣ ስም ጠራ። «በጣም ጥሩ ሰው ነበረች» አለ። «እኔን እንደ ወንድም ያየችኝ እሷ ናት።»

ሟቹ ወንድ ነው። ከፊት ረድፍ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሳቅ ደግሞ ይጋባል፤ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ። ከመሀል «እሷ ደግሞ ማን ናት?» የሚል ድምፅ ተሰማ። መድረክ መሪው ራሱ አፉን በያዘው ወረቀት ሸፈነ። ልጁ ትንሽ ቆመ፤ አብሮን ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» አለና ማይኩን መልሶ ተቀመጠ። ምሳ ሲቀርብ ወንበሩ ባዶ ነበር።

እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ለሥራ ጋምቤላ ሄድኩና ፈልጌ አገኘሁት። ባሮ ድልድይ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ውኃውን አየ። ከዚያ ያን ቀን ሊናገር የነበረውን ነገረኝ። ፍሬሽ እያለን፣ ደጋ ላይ ወዳለው ግቢያችን በገባን በሁለተኛው ወር፣ ወባው ተነሣበት። ሌሊት ነው፤ መብራት የለም። የዶርም ጓደኛው በጀርባው አዝሎ ክሊኒክ አደረሰው። ሦስት ሌሊት ከአልጋው ሥር ጋቢ ለብሶ አደረ። ቀን ክፍል ገብቶ ኖቱን አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ለታመመው ይጽፍ ነበር። «ያኔ ባታዝለኝ አልመረቅም ነበር» አለኝ። «ያን ቀን የተነሣሁት ለእናቷ ልነግር ነው።»

አሁንም «እናቷ» ነው ያለው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሚያስቅ ነገር አልሰማሁም። እኒያ እናት ልጃቸው ሰው አዝሎ ያዳነ መሆኑን ሳያውቁ፣ በልጃቸው መታሰቢያ ላይ ሳቅ ብቻ ሰምተው ወደ ቤታቸው መሄዳቸውን ነው የሰማሁት።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ከዚያ የሻይ ወንበር ተነሥቼ ነው። የምጽፈውም ለእናንተ ነው፤ ለተመረቃችሁ ሁሉ፣ ከዚያው ከእኛ ግቢ ይሁን ከሌላ። በየዓመቱ የባች መገናኛ የምታዘጋጁ፣ በየአዳራሹ ማይክ የምትይዙ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የምትመሩ፣ ሥራ ፈላጊ ፊታችሁ ተቀምጦ የምትፈትኑ፣ ዛሬ በተራችሁ አስተማሪ ሆናችሁ ፍሬሽማን ፊት የምትቆሙ፤ ሁላችሁንም ነው።

በመጀመሪያ ልጁ ለምን ተሳሳተ? በኑዌር ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው። ሰው ሲጠራ ወንድ ነው ሴት ብሎ ግሱን መምረጥ ምላሱ ያላደገበት ልማድ ነው። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «እሱ» እና «እሷ» ይለያሉ፤ «አንተ» እና «አንቺ» ግን ሁለቱም «አቲ» ናቸው። በሶማሊኛም እንደዚያው ለወንድም ለሴትም «አዲጋ» ነው። ስለዚህ የኦሮሞው ወይም የሶማሌው ልጅ እህታችንን «አንተ» ቢላት ንቀትም ስንፍናም አይደለም፤ ቋንቋው ያልጠየቀውን ጥያቄ የእኛው ቋንቋ በድንገት ስለጠየቀው ነው። አማርኛ ፆታን ለይቶ ሲያበቃ በዕድሜና በክብር እንደገና ይከፍላል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ። በችኮላ ከአራቱ አንዱን መምረጥ በአማርኛ አፉን ለፈታም ሰው ያስቸግራል። አዲስ ሙሽራ አማቷን ምን ብላ እንደምትጠራ ስትጨነቅ ያላየ ማን አለ?

ትግርኛ ተናጋሪው ደግሞ ከእኛ ይብሳል፤ እሱ «እናንተ» የሚለውን እንኳ ለወንዶችና ለሴቶች ይለያል። በእሱ ጆሮ ስንመዘን ሴቶች በተሰበሰቡበት «እናንተ» ስንል የምንሳሳተው እኛ ነን። ግን የትግራይ ባልንጀሮቻችን በዚህ ሲስቁብን አልሰማሁም።

አንድ ሌላ ነገር ላጫውታችሁ። የጅግጅጋ ልጅ ነበር፣ ከእኛው ባች። በፍሬሽነታችን፣ ሑዳዴ ላይ፣ ካፌ ተሰልፈን ሳለ ልጁ አንድ መምህራችን ጾመኛ መሆን አለመሆኑን ሊጠይቅ ፈለገና «መምህራችን ይበላል?» አለ። ያልታደለው ነገር፣ «በ»ን አጠበቃት። ላልታ ስትነገር «ይመገባል ወይ?» ማለት ነው፤ ስትጠብቅ መምህሩ ራሱ ምግብ ሊሆን ነው። ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክንመረቅ ስሙ «ይበላል» ሆኖ ቀረ። በዶርም ኮሪደር፣ በላይብረሪ፣ በኳስ ሜዳ «ይበላል! ይበላል!» ይባል ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ስለነበር የተጎዳ አልመሰለንም። ዛሬ የተመሰገነ መሐንዲስ ነው። ሲደውልልኝ ግን ከሰላምታው ጀምሮ የሚያወራኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ስመልስለት እንኳ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ያ ልጅ «በ» መቼ እንደምትጠብቅና መቼ እንደምትላላ ከየት ይማር ነበር? ከመጽሐፍ? ፊደላችን ይህን አይጽፍም። «ሰፊ» ብላችሁ ብትጽፉ ልብስ ሰፊውም ሰፊው ሜዳም አንድ ናቸው። «ዋና» ውኃ ውስጥ ይሁን የሥራ ኃላፊ፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ በወረቀት ላይ መለያ የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ችግር ታይቷቸው በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከሚጠብቁት ፊደላት በላይ ነጥብ አኑረው ነበር፤ ልማዱ ግን አልተከተላቸውም። እኛ በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች ይህን ከእናቶቻችን ጀርባ ላይ ሆነን በጆሮ ለቀምነው። የጅግጅጋው ልጅ ግን አማርኛን ያገኘው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ በመጽሐፍ፣ ምናልባት እሱ ራሱ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው በሆነ መምህር ነው። ፊደሉ የማይነግረውን የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኛ አፍ። እኛ ስናወራው፣ እሱ ሲሰማ፣ እሱ ሲናገር፣ እኛ ስንመልስለት። የሳቅን ጊዜ የዘጋነው ያን አንዱን በር ነው። አራት ዓመት ሙሉ አፋችን ለእሱ መምህር መሆን ሲችል ቅጽል ስም ሆነበት።

«ኧረ ይህማ የወዳጅ ቀልድ ነው፤ እኛም በእሱ ስቀናል፣ እሱም በእኛ ስቋል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በዶርም ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች የየራሳቸውን ቋንቋ እያስተማሩ፣ አንዱ ሲሳሳት አንዱ እየሳቀ የሚያመሹበት ጊዜ አለ። ያ ሳቅ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ። አዳራሹ ግን ሌላ ነው። በአዳራሹ አንዱ ቆሟል፣ ሁለት መቶው ተቀምጧል፤ የሚሳሳተው የቆመው ብቻ ነው። መመዘኛው ይኸው ነው፦ ሳቁ ካበቃ በኋላ ሰውየው ማውራቱን ቀጠለ ወይስ ተቀመጠ? ከተቀመጠ ቀልድ አልነበረም።

«ስሕተቱን ካላረምን ቋንቋው ይበላሻል» የሚለውን ሥጋት ደግሞ አከብረዋለሁ፤ አማርኛን የሚወድ ሰው ሥጋት ነውና። እኔም እወደዋለሁ። ግን የምንጠብቀውን አማርኛ ማን እንደሠራው እንይ። ግእዝ ግሱን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ከነበረው ረጅም ጉርብትና የመጣ ነው ይላሉ። ከብዙ ዘመን በፊት የራሳቸውን ቋንቋ ይዘው ወደዚህ ቋንቋ የመጡ ሰዎች የዓረፍተ ነገሩን አቀማመጥ በራሳቸው ልማድ አሰናድተውታል፤ ዛሬ ትክክል የምንለው ያኔ በአንዳንዶች ጆሮ «የተሰበረ» ሳይባል አልቀረም። «ጉዲፈቻ»ን ተመልከቱ። የአፋን ኦሮሞ ቃል ነው፣ ማሳደግ ከሚለው የወጣ። ዛሬ በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ሰፍሮ ፍርድ ቤት ይፈርድበታል። ቋንቋችን የሌላውን ልጅ ወስዶ ማሳደግ የሚችል ቋንቋ ነው፤ እኛ ተናጋሪዎቹ ከእሱ ማነስ የለብንም።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርንም አስታውሱ። የተወለደው አድዋ አጠገብ በሚገኝ መንደር ነው፤ የልጅነት አፉ ትግርኛ ነው። በኋላ አማርኛን እንደ እሱ በቀላል አንደበት የጻፈ ሰው ስንት ነው? ከአማርኛ ጋር ሲጀማመር ብዙ ጊዜ ሳይሳሳት አልቀረም! ከየባቻችን ስንት እንዲህ ያለ አንደበት በፍሬሽነት ሳቅ ተከድኖ ቀርቶ ይሆን?

ስለ መታረምም የምለው አለኝ፤ የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከኢሉባቦር አንድ የገበሬ ቤት ነው። ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ያሰማራኝ እዚያ ነበር፤ አፋን ኦሮሞ መማር ጀመርኩ። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚሳሳተው ተሳሳትኩ። «ዸ» የምትለዋ ድምፅ እምቢ አለችኝ፤ እውነት ለማለት «ዹጋ» ሲሉ እኔ «ዱጋ» እላለሁ። የድምፅ ርዝመት ደግሞ ጨርሶ አይሰማኝም ነበር። «ለፈ» በአጭሩ ሲባል መሬት ነው፤ «ላፋ» ተብሎ ሲሳብ ለስላሳ ማለት ነው። አንድ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ማሳው ሳወራ መሬት ማለት ፈልጌ ለስላሳ አልኩ። ልጆቹ ተያዩ፤ ትንሿ በመዳፏ አፏን ያዘች። ጃርሳው፣ ሽማግሌው የቤቱ አባት፣ ልጆቹን ቀና ብለው አዩአቸው፤ ብቻ አዩአቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እኔ ልል የፈለግሁትን ዓረፍተ ነገር በትክክለኛው ቃል፣ የእኔን ሐሳብ እንደሚደግም ሰው፣ ቀስ ብለው አሉት። ቀጥለውም መልሳቸውን ሰጡኝ። አላስተማሩኝም፣ አላሳፈሩኝም፤ መለሱልኝ። ያችን ቃል ከዚያ ወዲህ አልሳትኳትም።

ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ያን ሲያደርጉ፣ ሁለት ዲግሪ ያለን እኛ በማይክ ፊት የቆመን ሰው በሳቅ እናስቀምጣለን። ይህ ያንገበግበኛል።

የአንጋፋዎቹ ምሩቃንም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60,000 ገደማ ተማሪና አስተማሪ በመላ አገሪቱ ተሰማራ። ከከተማ ወጥቶ በማያውቀው ቋንቋ መሀል ያደረ ወጣት ብዙ ነበር፤ ውኃ ለመጠየቅ በእጁ ያመለከተ፣ በተሰባበረ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም አፋን ኦሮሞ እራት የበላ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ እስከ ማስተማር ደርሷል። አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ያኔ ስትሳሳቱ የታገሷችሁን ገበሬዎች ታስታውሳላችሁ። እባካችሁ በየመገናኛው መጥታችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ይህን ወግ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በውጭ ያላችሁ ደግሞ ከማንም በላይ ይገባችኋል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ስልክ አንሥታችሁ ስማችሁን ሦስት ጊዜ ፊደል በፊደል ስትቆጥሩ፣ ስብሰባ ላይ የተናገራችሁት ሐሳብ አልፎ ሄዶ አነጋገራችሁ ሲቀር፣ ባለ ማስተርስ ሆናችሁ እንደ ሕፃን ጮክ ተብሎ ሲነገራችሁ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። ግን በበጋው የምሩቃን ግብዣ ላይ የጓደኛችሁ ልጅ፣ እዚያ የተወለደችው፣ «ጋሼ፣ እንዴት ነሽ?» ስትል ጠረጴዛው በሳቅ ሲፈነዳ አይቻለሁ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ወላጆቿ ደግሞ «አማርኛ እምቢ አለች» ይላሉ። እምቢ ያለችው ሳቁን ነው።

እንግሊዝኛችንንም አልተውኩትም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማርበት፣ በዩኒቨርሲቲም የምንፈተንበት ቋንቋ ነው፤ ለአብዛኞቻችን ግን ሁለተኛ እንኳ ሳይሆን ሦስተኛ ነው። አንድ ባልንጀራችን በእንግዶች ፊት ጽሑፉን ሲያቀርብ ግሱን ቢያጣምም ከኋላ የሚንሾካሾኩት እነማን ናቸው? እኛው ነን። አገሩን ወክሎ ሮጦ አሸንፎ፣ ላቡ ሳይደርቅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የተንተባተበ አትሌት ላይ የሚቀልዱትስ? ስንፈተን ሁላችንም በየራሳችን ልክ የተሰባበርን ነን፤ ያው ሆኖ ትንሽ የተሻለው ትንሽ ባነሰው ላይ ይፈርዳል።

ነገሩ በአዳራሽ ቢያበቃ እንኳ ይበቃ ነበር፤ አያበቃም። ዛሬ የሥራ ቅጥር ፈተና የምንፈትነው እኛ ነን። «ልጁ ጎበዝ ይመስላል፣ ግን አማርኛው አይጥመኝም» ተብሎ ፋይል ሲገለበጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሥራው የላቦራቶሪ ሥራ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አማርኛን ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ያደርገዋል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛም የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚያስችል ፖሊሲ አጽድቋል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። ሰው ስሕተቱን ሳይፈራ የሚናገርበት አዳራሽ ግን በነጋሪት ጋዜጣ አይታወጅም፤ በዚያ የተቀመጡት ናቸው የሚሠሩት።

በዚያው ዓመት፣ በ2012፣ በየግቢው የሆነውን ደግሞ አንረሳውም። ተማሪዎች በማንነታቸው ተጠቁ፣ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሳቁ ያንን አመጣ አልልም፤ ምክንያቱ ሌላና ብዙ ነው። ነገር ግን አራት ዓመት አብሮ በልቶ የአንዱን ወሬ አንዱ እስከ መጨረሻ ሰምቶት የማያውቅ ባች፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ብሎ ይነጋገራል?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁላችን በአንድ ላይ ካደረግነው ግን ትልቅ ነው። የሚቀጥለው መገናኛችሁ ሲዘጋጅ፣ አዳራሽ ከመከራየትና ቲሸርት ከማሳተም ጋር ይህንንም አጀንዳ ያዙ። መድረክ መሪው ፕሮግራሙን ሲከፍት እንዲህ ይበል፦ «ዛሬ እዚህ በፈለጋችሁት ቋንቋ ተናገሩ፤ የጀመረ ሁሉ ይጨርሳል።» ከየባቹ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ፣ ኑዌርኛ፣ ሲዳምኛ የሚያውቅ አይጠፋም፤ ተናጋሪው በቋንቋው ልናገር ካለ አንዱ አጠገቡ ቆሞ ያስተርጉም። ለማስተርጎም አምስት ደቂቃ ቢጨምር ኬኩ አይቀዘቅዝም።

ሳቅ ሲነሣ ደግሞ፣ ሰው ነንና ይነሣል፣ በአዳራሹ ያላችሁ ሁሉ አንዲት ቃል በሉ፤ «ይጨርስ!» ሴት ከሆነች «ትጨርስ!» ተናጋሪው አንጋፋ ከሆነ «ይጨርሱ!» ንግግር አይጠይቅም፣ ክርክር አይጠይቅም። አንዱ ከጥግ ይጀምር፣ ሌላው ይቀበል። የሳቀውን ሰው ማሳፈር አይደለም ሐሳቡ፤ የቆመው ሰው ብቻውን እንዳልቆመ እንዲያውቅ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ይጨርስ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እኒያ እናት የልጃቸውን ታሪክ ይሰሙ ነበር። እኔ ልለው እችል ነበር።

ቅጽል ስም የለጠፋችሁበት ጓደኛ ካላችሁ ስሙን መልሱለት። ስልክ አንሡና እናቱ ባወጣችለት ስም ጥሩት። የሌላውን ዘዬ እያስመሰላችሁ በመድረክ ሰው የምታስቁ፣ ችሎታችሁ ትልቅ ነው፤ ለሌላ አውሉት። አስተማሪ የሆናችሁ፣ ፍሬሽማን በተሰባበረ ቃል ጥያቄ ሲጠይቅ እኒያ ጃርሳ እንዳደረጉት አድርጉ፤ ቃሉን በመልሳችሁ ውስጥ አስተካክላችሁ መልሱለት፣ ጥያቄውን ግን እንደ ሙሉ ጥያቄ ያዙት። ቀጣሪ የሆናችሁ፣ የምትፈትኑት ሥራውን ይሁን።

አማርኛ ብቻ የምትችሉ ደግሞ አንድ ሌላ ግዴታ አለባችሁ። አገሪቱ ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሏት፤ ከ40 በላይ በሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ ሲወጣ ልጆቻችን በእነዚህ ቋንቋዎች መሀል ነው የሚበተኑት። አራት ዓመት ጅማ ወይም ሐሮማያ ተቀምጦ «አካም» ከማለት ያላለፈ ምሩቅ ስንት ነው! ዘንድሮ አንድ ቋንቋ ጀምሩ። ሰላምታውን፣ ለቅሶ ቤት የሚባለውን፣ ምርቃቱን። ከዚያ በመገናኛው ቀን በዚያ ቋንቋ ለጓደኛችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተሳሳቱ፣ እሱም ይመልስላችሁ።

የእኛ ባች መገናኛ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ሐሳብ ተስማምቷል። እኒያን እናት በድጋሚ ሄደን ጋብዘናቸዋል፤ ይመጣሉ። የጅግጅጋውን ጓደኛዬን በስሙ ጠርቼ ጋብዤዋለሁ፤ በአማርኛ ነው የጠራሁት፣ ትንሽ ዝም አለና «እመጣለሁ» አለኝ፣ በአማርኛ። ለጋምቤላው ወንድማችን ደግሞ ማይኩ ቀድሞ እንደሚሰጠው ነግሬዋለሁ። «ረጅም ነው የማወራው» አለኝ።